ማቴዎስ 5፡38-48 ለወጣቶች፦ «ሁለተኛውን አዙርለት» ማለት ዝም በል ማለት ነው?

የሂርማታዋ · ማክሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ጅማ ለወጣቶች ጥናት ማቴዎስ 5፡38-48ን በስድስት ቅዳሜ ከፋፍለን ልናስተምር ነው። ተማሪዎቹ 14 ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 90 ደቂቃ። ከኦርቶዶክስም ከወንጌላውያንም ቤት የመጡ አሉ። ገሚሱ ግቢ የሚማር ነው፣ ገሚሱ ከጎማና ከማና ወረዳዎች፣ ቡና ካለው ቤተሰብ።

ስብከት ሞልቶናል። የቸገረን ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ክፉውን አትቃወሙ» የሚለውን «ተመቱና ዝም በሉ» ሳያስመስሉ እንዴት ማስረዳት ይቻላል? ሁለተኛ፣ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» በተግባር ምን ምን ማድረግ ነው? ሦስተኛ፣ ስለ ጦርነትና ስለ ወታደር መጠየቃቸው አይቀርም፤ በሁለቱም ወገን ያለውን ትምህርት በትክክል የሚያውቅ ይጻፍልን።

---

ዘአዌቱ · ማክሰኞ ማታ 3፡25

እህቴ፣ ከግሱ ጀምሪ። «አትቃወሙ» ለዛሬ አማርኛ ሰሚ የሚሰጠው ትርጉም «አትቃወም፣ ሐሳብህን አትግለጽ፣ ሰልፍ አትውጣ» ነው። የግሪኩ ግስ አንቲስቴናይ ይባላል፤ ፊት ለፊት ገጥሞ መቆም ነው፣ ለጦር አሰላለፍም ይነገራል። ኤፌሶን 6፡13 ላይ የጦር ዕቃ ለብሶ «ለመቃወም» የሚለው ይኸው ግስ ነው። ስለዚህ የተከለከለው በመጣብህ መሣሪያ መልሰህ መግጠም ነው። መናገር አልተከለከለም። ማስረጃውም ራሱ ጌታ ነው፤ ዮሐንስ 18፡22-23 ላይ ሎሌው በጥፊ ሲመታው ዝም አላለም፤ «መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠየቀው። ጳውሎስም ፊልጵስዩስ ላይ ያለ ፍርድ ተደብድቦ ሲያበቃ በስውር ውጡ ቢባል እንቢ አለ፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ (ሐዋ. 16፡37)። ይህን ሁለቱን ሳታነቡ ጉንጩ ጋ አትድረሱ።

አሁን ጉንጩ። ማቴዎስ «ቀኝ ጉንጭህን» ይላል። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት አቁሚ፣ አንዱ ቀኝ እጁን ያንሣ፣ ሳይነካው በቀስታ ወደ ሌላው ቀኝ ጉንጭ ይውሰድ። በመዳፉ አይደርስም፤ የሚደርሰው በእጁ ጀርባ ነው። ያኔ ክፍሉ በሙሉ ይገባዋል። በእጅ ጀርባ መምታት የውርደት ምት ነው፤ ጌታ ለባሪያ፣ የበላይ ለበታች። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ ሚሽና (ባባ ቃማ 8፡6) ለጥፊ 200 ዙዝ ካሳ ሲወስን በእጅ ጀርባ ለሆነው 400 ዙዝ ይላል። አንድ ዙዝ የአንድ ዲናር ያህል ነው፤ ዲናሩም በማቴዎስ 20 የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ካሳው እጥፍ የሆነው የበለጠ ስለሚያቆስል አይደለም፣ የበለጠ ስለሚያዋርድ ነው።

ግራውን ማዞር እንግዲህ «ጨምርልኝ» ማለት አይደለም። «ያሰብከው ውርደት አልደረሰብኝም፣ እኔም አልመልስም፣ ከፊትህም አልሄድም» ማለት ነው። ግን ልጆቹ ከዚህ ላይ ተነሥተው እንደ ብልጠት እንዳይወስዱት። ሉቃስ 6፡29 «ቀኝ» የምትለዋን ቃል አልጻፈም፤ ስለዚህ ትምህርቱን በሙሉ በእጅ ጀርባ ላይ መስቀል አያስኬድም።

መጎናጸፊያው ላይ ዘጸአት 22፡26-27 ይነበብ። የድኻ መጎናጸፊያ በመያዣ ቢወሰድ ፀሐይ ሳትገባ ይመለሳል፣ የሚተኛበት እሱ ነውና። ማቴዎስ ላይ ነገሩ ክስ ነው፤ ከሳሹ እጀ ጠባቡን ሲፈልግ ተከሳሹ ሕግ የጠበቀለትን መጎናጸፊያ ጭምር አውልቆ ይሰጠዋል፤ በችሎት ፊት ዕርቃኑን ቀረ ማለት ነው። ማን አፈረ ብለሽ ጠይቂያቸው። ቁጥር 41 ላይ «ምዕራፍ» የተባለው የመንገድ ርቀት የሮም ማይል ነው፣ 1,480 ሜትር ገደማ። «ቢያስገድድህ» የሚለው ግስ የቀሬናውን ስምዖን መስቀል ያሸከሙበት ግስ ነው (ማቴ. 27፡32)።

---

ቆጪ ሰፈር · ማክሰኞ ማታ 3፡50

ዘአዌቱ በደንብ ብሎታል፤ ከግሱ በፊት ግን ስሙ አለ። በመንፈሳዊ ንግግራችን «ጠላት» ስንል ሰይጣን ማለታችን ነው። «ጠላት እየሠራ ነው»፣ «ጠላት ይፈር»። ልጁ ይህን እየሰማ አድጎ «ጠላትህን ውደድ» ሲባል ወይ ግራ ይጋባል፣ ወይ ሳያውቀው ጎረቤቱን ከሰይጣን ተራ ይመድባል። ሁለተኛው የባሰ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ 15 ደቂቃ ለዚህ ብቻ ይሰጥ። ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ ደመኛ፣ ባላንጣ፣ ባለጋራ፣ ቂመኛ፣ የተኳረፈ፣ የበደለ፣ የዘረፈ። ከዚያ እያንዳንዱ አንድ ሰው በልቡ ይያዝ፤ ስም አይጻፍ፣ አይነገር። ትንሽ ከተማ ነው፣ የአንዱ ባለጋራ የሌላው አጎት ነው።

ሌላ ነገር፣ «ጠላትህን ጥላ» የሚለው ብሉይ ኪዳን ውስጥ የለም። ዘሌዋውያን 19፡18 ባልንጀራህን ውደድ ብሎ ያቆማል። ከቁምራን ዋሻ የተገኘው የማኅበሩ ደንብ ግን የብርሃን ልጆችን መውደድ፣ የጨለማ ልጆችን መጥላት ያዝዛል። «እንደ ተባለ ሰምታችኋል» የሚለው ሕጉን ብቻ ሳይሆን በአደባባይ የሚወራውንም ይጨምራል።

---

የአድዋ ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ይህ ሁሉ ለጥፊ ይሆናል። አገር ሲወረርስ? ታቦተ ጊዮርጊስ አድዋ የወረደው ጉንጭ ለማዞር ነው? ሮሜ 13፡4 ባለ ሥልጣን ሰይፍ በከንቱ አይታጠቅም ይላል። ሉቃስ 22፡36 ልብስህን ሽጠህ ሰይፍ ግዛ ይላል። ልጆችን የምታስተምሩ ሰዎች ግማሹን ጥቅስ እየደበቃችሁ ነው።

---

[ከአወያዩ፦ ከዚህ በታች የነበሩ ሁለት አስተያየቶች ስድብ ስላለባቸው ተነሥተዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጥያቄነቱ መልሱ።]

---

ዘአዌቱ · ረቡዕ ከሰዓት 8፡40

ወንድሜ ልክ ነህ፣ መደበቅ የለበትም። ተራ በተራ እንያቸው።

ሉቃስ 22፡36ን ብቻውን አታንብ፤ እስከ 38 ሂድ። ሰይፍ ግዙ ካለ በኋላ ምክንያቱን ራሱ ይነግራል፤ «ከዓመፀኞች ጋር ተቈጠረ» የተባለው እንዲፈጸም ነው (ኢሳ. 53፡12)። ሁለት ሰይፍ አለ ሲሉት «ይበቃል» አለ። ለ11 ሰው ሁለት ሰይፍ ለጦርነት አይበቃም። እዚያው ምሽት አንዱ ሰይፍ ሲመዘዝ ደግሞ አስቆመው፣ የተቆረጠውንም ጆሮ ፈወሰ።

ሮሜ 13ን ከሮሜ 12 መጨረሻ ጋር አንብበው። በመጀመሪያው ጽሑፍ የምዕራፍ ክፍፍል የለም። 12፡19 «ራሳችሁ አትበቀሉ» ይላል፤ 13፡4 ደግሞ ባለ ሥልጣኑን ክፉ አድራጊውን «የሚበቀል» ይለዋል። በግሪኩም በአማርኛውም ሥሩ አንድ ነው፣ በቀል። ለአማኙ በግሉ የተከለከለው ነገር ለዳኝነት ተሰጠ ማለት ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ አማኙ ያንን ሰይፍ የሚይዝ ሹም መሆን ይችላል ወይ?

ጥንታዊው መልስ ጥብቅ ነው። በሂፖሊጦስ ስም የሚታወቀው ሐዋርያዊ ትውፊት (በግእዙ ሲኖዶስ ውስጥም አለ) ወታደር ሆኖ የመጣ ሰው እንዳይገድል ይነገረው፣ ክርስትና ለመነሣት እየተማረ ወታደር ልሁን የሚል ደግሞ ይመለስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ295 ማክሲሚሊያን የሚባል ወጣት ሰሜን አፍሪካ ውስጥ አልመዘገብም ብሎ ተሠዋ። ክርስትና በሮም ከተፈቀደበት ከ313 እ.ኤ.አ. በኋላ ነገሩ ይለወጣል። አውግስጢኖስ ጦርነት የሚፈቀድበትን ሁኔታ አስተማረ፤ ነገር ግን የግል ራስን መከላከልን ከአገር ጥበቃ ይበልጥ ይጠራጠረው ነበር፤ ይህን ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያውቀው። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ መካከለኛውን ይዟል፤ 13ኛው ቀኖናው በጦርነት የገደሉትን እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቆጥርም፣ ግን እጃቸው ንጹሕ አይደለምና 3 ዓመት ከቁርባን ቢርቁ መልካም ነው ይላል። ለክፍልሽ በጣም የሚጠቅመው ይህ ነው። «ተፈቀደ» ማለት «ተመሰገነ» ማለት እንዳልሆነ በቁጥር ያሳያል።

የኦርቶዶክስ ትውፊታችን አገር መጠበቅን ይቀበላል፤ አድዋን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን አቡነ ጴጥሮስን አስቡ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጥይት ሲገደሉ በእጃቸው ጠመንጃ አልነበረም። እምቢታቸው ግን የተሟላ ነበር። ልጆቹ «ወይ መግደል ወይ መገዛት» ብለው ሁለት በር ብቻ ሲያስቀምጡ ሦስተኛውን በር እሳቸው ያሳያሉ።

በወንጌላውያን በኩል መንግሥትና ቤተ ክርስቲያንን ለይቶ ሰይፍን የከለከለው የአናባፕቲስት ወገን ነው፤ ጅማሬው ዙሪክ እ.ኤ.አ. 1525። በ1527 የሽላይትሃይም ስምምነት 6ኛ አንቀጽ ሰይፍ እግዚአብሔር ያቆመው ሥርዓት ነው ግን «ከክርስቶስ ፍጹምነት ውጭ» ነው ይላል። በአገራችን የዚህ ወገን ልጅ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ሲዘጋት አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ፣ መሪዎቿ ታሰሩ፣ ሕንፃዎቿ ተወረሱ። በ1983 ስትወጣ 34,000 አካባቢ ሆና ተገኘች። መካነ ኢየሱስ ሉተራዊ ናት፤ ሰይፍን ለመንግሥት ትተዋለች። ሆኖም ዋና ጸሐፊዋ ጉዲና ቱምሳ መሸሽ እየቻሉ ሳይሸሹ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ታፍነው ተገደሉ። እሳቸውም ሰይፍ አላነሡም፣ ዝምም አላሉም።

---

የአድዋ ልጅ · ረቡዕ ማታ 1፡30

የባስልዮሱን አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት! እሺ። አድዋ ላይ ግን አልተስማማንም።

---

ዘአዌቱ · ረቡዕ ማታ 1፡42

አንስማማ። ክፍሉም ባይስማማ ግድ የለም፤ ሁለቱንም ወገን ባለቤቱ በሚናገረው ቃል መናገር ከቻሉ በቂ ነው።

---

ጀንፈል · ረቡዕ ማታ 3፡05

ጦርነቱን ትተን ወደ አጥሩ እንምጣ። ከጎማና ከማና የመጡ ልጆች ጠላት ሲባል የሚያስቡት ፋሺስትን አይደለም። ጥቅምትና ኅዳር ሌሊት ከማድረቂያ አልጋ ላይ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) የሚያነሣውን ነው፤ ድንበር እየገፋ የሚተክለውን ነው። ምሳሌውን ከዚህ ውሰዱ።

ጉዳዩ እንዲህ ይሁን፦ ጎረቤት ሁለት ፈረሱላ ጀንፈል ወስዷል፣ 34 ኪሎ። ታወቀበት። «ጠላትህን ውደድ» እዚህ ምን ያዛል?

የመጀመሪያው ስሕተት ይቅርታን ከካሳ ማጣላት ነው። ሕጉ ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣል። ሌባ ተይዞ ከብቱ በእጁ በሕይወት ከተገኘ እጥፍ ይከፍላል (ዘጸ. 22፡4)። ሸጦት ወይም አርዶት ከሆነ ለበሬ አምስት፣ ለበግ አራት (22፡1)። ራሱ ተጸጽቶ ከተናዘዘ ግን ዋናውን መልሶ አምስተኛውን እጅ ብቻ ይጨምራል (ዘሌ. 6፡5፣ ዘኍ. 5፡7)። ልብ በሉ፣ ዋጋው የተለያየው ሰውዬው በራሱ እግር እንዲመጣ ነው። በኛ ስሌት ሲያዝ 68 ኪሎ፣ ራሱ ሲመጣ 40.8 ኪሎ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ያለው ማንም ሳይጠይቀው ነው (ሉቃ. 19፡8)። ተበዳዩ ካሳውን መቀነስ ወይም መተው ይችላል፤ ያ ምሕረት ነው። ሽማግሌ ግን በተበዳዩ ስም ሊተውለት አይችልም። እዚህ ላይ ብዙ ዕርቅ ይበላሻል።

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። ማቴዎስ 18፡15 መጀመሪያ «አንተና እርሱ ብቻችሁን» ይላል። እኛ አገር ይህ ደረጃ ይዘለላል። ወዲያው ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌ ከተላከ ደግሞ ነገሩ በመንደሩ ታውቋል፣ የታወቀበት ሰው ክብሩን ለማዳን ይክዳል። ብቻህን ስትሄድ ለመናዘዝ ቦታ ትተውለታለህ። ማታ አትሂድ፣ ከቡና በኋላ ሂድ፣ ወንድ ልጅህን ወይም ወንድምህን አታስከትል፤ አጃቢ ካለ ዛቻ ነው። ክሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር፤ ያየኸውን ብቻ፣ የሰማኸውን አይደለም። ከዚያ ዝም በል። ከካደ ተነሥተህ ሂድ፣ አትከራከር። ሁለተኛው እርከን አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መሄድ ነው፤ እነሱም ላንተ የሚያደሉ ሳይሆኑ እሱ የሚያፍራቸው ይሁኑ።

ሦስተኛው እስከዚያው ድረስ የሚደረገው ነው። ሉቃስ 6፡27-28 አራት ግስ አለው፦ ውደዱ፣ መልካም አድርጉ፣ መርቁ፣ ጸልዩ። የመጀመሪያው በልብ ያለ ይመስላል፤ ሦስቱ ግን በእጅና በአፍ ናቸው፣ ሰው ሊያያቸው ይችላል። ዘጸአት 23፡4-5 የጠላትህ በሬ ወይም አህያ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት ይላል። ለኛ፦ የሱ ላም ችግኝህ ውስጥ ብትገባ አትምታት፣ ነድተህ ውሰድለት። ልጁ ሠርግ ካለው ድንኳን ሲተከል አትቅር። ምርቃት ሲባል ደግሞ (ጅማ ላይ ምርቃና እንዳይመስላችሁ) ስሙ ሲነሣ በሌለበት ክፉ አለመናገር ይጀምርበታል።

---

ሕግ አዋቂ · ሐሙስ ጠዋት 2፡20

ጀንፈል በጻፈው ላይ ሦስት አጭር ነጥብ።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆት (አንቀጽ 665) የግል አቤቱታ ብቻ የሚጠብቅ ወንጀል አይደለም። ስለዚህ በሽማግሌ ታረቁ ማለት ክሱ በራሱ ይቆማል ማለት አይደለም። ግን ጥፋትን ማመንና የተወሰደውን መካስ በአንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ነው፤ ዕርቁ በጽሑፍ ይሁን፣ ምን ተወስዶ ምን እንደተመለሰ በኪሎ ይጻፍ። በግል አቤቱታ በሚያስቀጡት ደግሞ አቤቱታው የሚቀርበው በሦስት ወር ውስጥ ነው (አንቀጽ 213)። ሽምግልናው ሲጎተት ጊዜው ያልፋል፣ በዳዩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሽምግልናው መጀመሪያ ላይ ቀን ይቆረጥ።

ሕጋዊ መከላከል (አንቀጽ 78) ከተመጣጠነ ይፈቀዳል። ሕግ የፈቀደውን ሁሉ ወንጌል አዝዞታል ማለት አይደለም፣ ሕግ የፈቀደውንም ተማሪው ኃጢአት ነው ብሎ እንዳይደነግጥ። ኦሮሚያ ውስጥ የባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ 240/2013 ዕውቅና አግኝተዋል፤ ጳውሎስ በሐዋ. 25፡11 ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ወደ ዳኛ መሄድ ጠላትን አለመውደድ አይደለም።

---

ሳሮን ዘጅማ · ሐሙስ ከሰዓት 9፡00

አንድ ነገር ማንም ሳያነሣ እንዳያልፍ። ይህ ክፍል በጅማም በሌላም ቦታ በጣም የሚበደልበት ቤት ውስጥ ነው። የምትደበደብ ሴት ስትመጣ «ጉንጭሽን አዙሪ፣ ቻይው» ይባላል። ከ14ቱ ተማሪ ግማሹ ሴት ከሆነ አንዷ እቤቷ ያየችው ነገር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሦስተኛው ቅዳሜ ሙሉውን ለዚህ ይሁን፣ መጨረሻ ላይ እንደ ማስታወሻ አትወርውሩት።

መነበብ ያለበት 1ኛ ሳሙኤል 26 ነው። ሳኦል ዳዊትን በጦር ሊወጋው ሞክሯል፣ ዳዊት አመለጠ (19፡10)። ያመለጠው ፍቅር ስላነሰው አይደለም። በምዕራፍ 26 ሳኦል ተኝቶ ሲያገኘው ጦሩንና የውኃ መንቀሉን ብቻ ወሰደ፣ አልነካውም። ሳኦል «ልጄ ዳዊት ሆይ፣ ተመለስ» አለ። አሁን ቁጥር 22ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ዳዊት ጦሩን መለሰ፤ ግን ራሱ ተሸክሞ አልሄደም፣ ከብላቴኖች አንዱ መጥቶ ይውሰደው አለ። ቁጥር 25 ላይ ዳዊት መንገዱን ሄደ፣ ሳኦልም ወደ ስፍራው ተመለሰ። አልገደለውም፣ አልረገመውም፣ ጦሩን እንኳ መለሰለት። እቤቱ ግን አልገባም።

ይቅር ማለት አንድ ነገር ነው፣ መታረቅ ሌላ፣ አብሮ መኖር ሦስተኛ። ይቅርታ በአንድ ሰው ይሆናል። ዕርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ በዳዩም ማመን አለበት። አብሮ ለመኖር ደግሞ ደኅንነት መረጋገጥ አለበት፣ ይህ በቃል ሳይሆን በጊዜ ይታያል። ሽማግሌዎች ሦስቱን በአንድ ቀን «ይቅር ለእግዚአብሔር» አስብለው ሲጨርሱ ሴትየዋ በሳምንቱ ተመልሳ ትደበደባለች። አስተማሪው ደግሞ እንዲህ ያለ በደል ለሚደርስበት ልጅ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይወቅ፦ ለብቻ ማናገር፣ አለመጫን፣ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አብሮ መሄድ።

---

ጀንፈል · ሐሙስ ከሰዓት 9፡35

እህት ሳሮን፣ እኔ ለጻፍኩት «ብቻህን ሂድ» ይህ ወሳኝ እርማት ነው። አቅም ካልተመጣጠነ ብቻህን አትሂድ። ማቴዎስ 18 «ወንድምህ» ነው የሚለው፤ ሊገድልህ የሚችለውን አይልም።

---

ኑር ሂርማታ · ሐሙስ ማታ 1፡10

አሰላሙ ዐለይኩም ጎረቤቶች። ሙስሊም ነኝ፣ ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። በናንተ መጽሐፍ ውስጥ አልገባም፤ ለትምህርቱ ከጠቀመ ግን በቁርአን ሱራ ፉሲለት (41) አንቀጽ 34 ክፉን በተሻለው መልስ፣ ያኔ ባንተና በሱ መካከል ጠብ ያለው ሰው እንደ ቅርብ ወዳጅ ይሆናል የሚል አለ። ልጆቻችሁ አብረው የሚኖሩት ከኛ ልጆች ጋር ነውና ይህን ቢያውቁት አይከፋም።

አንድ ምክር፦ ምሳሌ ስታወጡ ባለጋራውን ሁሌ ሙስሊም አታድርጉት። በየካቲት 2003 ማብቂያ አሰንዳቦ አካባቢ ብዙ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ያዩ ልጆች ከናንተ መካከል ሊኖሩ ይችላሉ። ያ መነሣት የለበትም አልልም። ግን እንደ ማሟያ ምሳሌ አይነሣ፤ ከተነሣ ጊዜ ተሰጥቶት፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ።

---

የሂርማታዋ · ሐሙስ ማታ 1፡30

ወዐለይኩም ሰላም ጎረቤት፣ እግዜር ይስጥልን። ይህን እንይዛለን።

---

ቆጪ ሰፈር · ሐሙስ ማታ 2፡45

ከኑር ነጥብ ጋር የሚሄድ የልምምድ ነገር። ንግግር ብቻ ከሆነ ስሜት ሲነሣ ሁሉም ይረሳል። አሜሪካ ናሽቪል ላይ ጄምስ ሎውሰን የሚባለው የሜቶዲስት አገልጋይ ተማሪዎችን ያሠለጠነው በልምምድ ነው። አንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ይሰድቡታል፣ ይገፉታል፣ የሲጋራ ጭስ ይነፉበታል፤ እሱ አይመልስም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13፣ 1960 ለነጮች ብቻ የተከለሉት የምግብ መደርደሪያዎች ላይ መቀመጥ ጀመሩ፣ ሜይ 10 መደርደሪያዎቹ ተከፈቱላቸው። በመሐል አፕሪል 19 የጠበቃቸው ቤት በቦምብ ሲመታ በሺዎች ሆነው በዝምታ ወደ ከተማው አዳራሽ ሄዱ። እዚያ ዳያን ናሽ ከንቲባ ቤን ዌስትን በቀጥታ ጠየቀችው፤ ሰውን በቀለሙ መለየት ስሕተት አይደለም ወይ? ከንቲባው ስሕተት ነው አለ። የዮሐንስ 18፡23 ጥያቄ ነው እኮ ይሄ! «ስለ ምን ትመታኛለህ?»

ለ14 ሰው እንዲህ ይከፈል። በየዙሩ ሦስት ሰው ይሠራል፦ አንዱ ተበዳይ፣ አንዱ በዳይ፣ አንዱ ቆሞ የሚያይ ጎረቤት። ሌሎቹ ይመለከታሉ። አንድ ዙር 4 ደቂቃ፣ ከዚያ 6 ደቂቃ ጥያቄ፤ በአንድ ቅዳሜ ከአምስት ዙር አይበልጥ። መነካካት የለም። የዘር፣ የሃይማኖትና የቤተሰብ ስድብ የለም፤ በጨዋታ የተባለ ስድብ ከክፍሉ ወጥቶ ሰፈር ይደርሳል። ጉዳዮቹ ትንንሽ ይሁኑ፦ ታክሲ ተራ ላይ መገፋት፣ የተወሰደ የቡና ጆንያ፣ በቴሌግራም የተለጠፈ ስም ማጥፋት። ማቆሚያ ቃል አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ «ይብቃ» ይበቃል። በዳይ የሆነው ልጅ ከዙሩ በኋላ ስሙ ተጠርቶ ከሚናው ይውጣ፤ ይህን የሚረሳ አስተማሪ ብዙ ነው፣ ልጁም ሳምንቱን በሙሉ «ያ ክፉው» ተብሎ ይውላል ማለት ነው።

ጥያቄውም «ምን ተሰማህ» ብቻ አይሁን። ለቆሞ አዩ፦ «የት ላይ ብትገባ ኖሮ ነገሩ ይበርድ ነበር?» ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው እሱ ነው።

---

ዘአዌቱ · ሐሙስ ማታ 4፡00

ስለ ጸሎት ትንሽ ልጨምርና ላብቃ። ሁለት ቦታ ይበላሻል። በኛ ቤት መዝሙር 108ን (በወንጌላውያኑ ቁጥር 109) በሰው ላይ የሚደግም አለ። በእነሱ ቤት ደግሞ «ጠላቴ ይውደቅ» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ይጸለያል፣ ጎረቤት ስሙ የተጠራ ያህል ይሰማዋል። መዝሙሩ ይውጣ አልልም። ዳዊት ቁጣውን ለእግዚአብሔር ጆሮ ሰጠው፣ በእጁ ግን በዋሻው ውስጥ የሳኦልን ልብስ ጫፍ ብቻ ነው የቆረጠው፣ ለዚያም ልቡ መታው (1 ሳሙ. 24፡5)። እንዲህ ይነበብ።

ዲዳኬ (የ12ቱ ሐዋርያት ትምህርት፤ ከዲድስቅልያ ጋር አታምታቱት) 1፡3 ላይ የሚረግሟችሁን መርቁ፣ ስለ ጠላቶቻችሁ ጸልዩ ካለ በኋላ «ስለሚያሳድዷችሁ ጹሙ» ይላል። ጾም ለሚያውቅ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ልጅ አንዱን ዓርብ ለዚያ በልቡ ለያዘው ሰው ይጹምለት፤ ኦርቶዶክሱ በክርስትና ስሙ ይጥራው። ልመናው አንድ የተወሰነ በጎ ነገር ይሁን፦ የልጁ ትምህርት፣ የቡናው ዋጋ፣ የእግሩ ሕመም። «ልብ ይስጠው» ብቻ ከሆነ ነቀፋ ነው፣ ጸሎት አይደለም።

ቅዳሴ ላይም «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲባል አንገት ሰበር አድርገን አጠገባችን ላለው ብቻ እጅ እንነሣለን። የተጣላኸው ሰው ሦስት ረድፍ ኋላ ቆሟል። ማቴዎስ 5፡23-24 መባህን ትተህ ሂድ ይላል። ስለዚህ ለዕርቁ የቅዳሜው ማታ ይሻላል፤ እሑድ ጠዋት ጊዜ የለም።

---

የሂርማታዋ · ዓርብ ጠዋት 3፡15

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን። እንዲህ አደረግነው፦ 1ኛ ቅዳሜ «ጠላት» የሚለው ቃል፤ 2ኛ ጉንጭ፣ መጎናጸፊያና ምዕራፍ፤ 3ኛ ሳሮን ያለችው፣ 1 ሳሙኤል 26፤ 4ኛ የጀንፈል ጉዳይ ከማቴዎስ 18 ጋር፤ 5ኛ ልምምድ፤ 6ኛ ጦርነትና ሮሜ 12-13፣ የአድዋ ልጅም ቢመጣ ወንበር አለው። የምንጀምረው መስከረም መጨረሻ ነው፣ ለቀማው ሳይደምቅ። አራተኛው ላይ 34 ኪሎውን፣ 68ቱንና 40.8ቱን በሰሌዳ እናሰላለን።

---

የአድዋ ልጅ · ዓርብ ጠዋት 3፡40

እመጣለሁ። የባስልዮስን 13ኛ ቀኖና አትሙልኝ።

---

ጀንፈል · ዓርብ ጠዋት 4፡05

ካሰላችሁ አይቀር 41 ብላችሁ አጠጋጉት፤ ሁለት መቶ ግራም ጀንፈል የሚመዝን ሽማግሌ የለም። ደግሞ ካሳው ከመመዘኑ በፊት በማን ሚዛን እንደሚመዘን ይስማሙ። የበዳይም የተበዳይም አይሁን፤ ከሦስተኛ ሰው ይዋሱ፣ ባዶውን ጆንያ መጀመሪያ መዝነው ይቀንሱ። ጀንፈሉም በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ቡና ያለ ካሳ ኪሎ ያሞላል፣ ጠቡም በማግስቱ እንደ አዲስ ይነሣል።